ውድ እህታችን ጋሽ አየለ

ሞኝነቴን ከኔው አፍ ስሙት። ሰው ሲያወራው ይጨምርበታል። ለነገሩ እኔ በሠራሁት ላይ የሚጨመር ነገር የሚያገኝ ሰው ካለ ጎበዝ ነው እላለሁ። እኔ፣ ፂሜ የሸበተ፣ ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሰውዬ፣ የተከበሩ የጎሬ ሽማግሌዎችን ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር ሴት አደረግኋቸው። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ይቅርታ መጠየቁ ይቀለኝ ነበር። እኔ እቴ! በጅምላ ነው ያደረግኋቸው!

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ላሚኔሽን የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኑ ራሱ ይደክመውና ወረቀት አልበላም ይላል። እንደዚያ ሲያኮርፍብኝ ጊዜዬን ምን ላድርገው ብዬ በኢንተርኔት ዌብሳይት መሥራት መማር ጀመርኩ። በቪዲዮ የሚያስተምረው ልጅ ሲያወራ የሚያባርረው ያለ ነው የሚመስለው። እኔ አቆመዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ደግሜ አቆመዋለሁ። ግን ተማርኩ! የመጀመሪያዋ ገጼ የተከፈተች ቀን ከደስታዬ ብዛት ዘልዬ ስቀመጥ የፕላስቲክ ወንበሬ ተሰነጠቀ። እስካሁን አልተለወጠም። እኔ ለማስታወሻ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ ለስንፍና ነው ትላለች።

እና የእህቴ ልጅ ህይወት ልታገባ ሆነ።

ህይወት ነርስ ናት፤ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው። የምታገባው ልጅ ኦባንግ ይባላል። አኙዋ ነው፣ የዚሁ የጋምቤላ ልጅ፤ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ያስተናግዳል። ቁመቱን አትጠይቁኝ! እሱን ቀና ብዬ ሳወራ አንገቴን ያመኛል፣ እሱ ደግሞ እኔን ለመስማት ሲያጎነብስ ወገቡን ያመዋል፤ ስለዚህ ቁምነገር ያለን ቀን ተቀምጠን ነው የምናወራው።

የህይወት አባት በሕይወት የለም። በአባት ቦታ ሆነው የሚድሯት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አየለ ናቸው። ጎሬ ነው የሚኖሩት። ኮስታራ ሰው ናቸው፣ ሲስቁ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፣ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ያየም እንደዚያው። ስለ ኦባንግ ሲነሳ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አላውቀውም።"

"ፎቶውን ይዩት እንጂ ጋሼ!" ትላቸዋለች ህይወት።

"የማላውቀውን ሰው ፎቶ ምን ያደርግልኛል?"

እሺም አላሉም፣ እምቢም አላሉም። መጥቼ ወይ እመርቃለሁ ወይ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ ብለው ቆረጡ። ህይወት ደግሞ ጋሽ አየለ ሳይመርቁኝ ቬሎ አልለብስም አለች። እንግዲህ ያን ሁሉ ክብራቸውን ጠብቆ፣ ሳያስከፋ፣ ጋሽ አየለን ተቀብሎ የማሳረፍ ሥራ ለማን ተሰጠ? ለኔ!

እንግዳው ብዙ ነው። ከደጋ የሚመጣ አለ፣ ከኢታንግና ከአቦቦ የሚመጣ አለ፣ ሁሉም ማደሪያ ይፈልጋል። ድልድሉን በአጭሩ የቆረጡት የኦባንግ እናት ማማ አሪየት ናቸው። ማማ አሪየት ቃል አያባክኑም።

"ሴቶች እኔ ቤት፣ ኒውላንድ። ወንዶች ባሮ ዳር፣ ድንኳን።"

"ፋንስ ማማ?" አልኳቸው። በዚህ አገር ሙቀት ከምግብ በፊት የሚጠየቀው የአየር ማራገቢያው፣ ፋኑ ነው።

"ፋን እኔ ቤት አለ። ወንድ ወንዝ አለው።"

እዚህ ላይ ነው እኔ ከወንበሬ የተነሳሁት፣ ከዚያ ከተሰነጠቀው። "ምዝገባውን ለኔ ተዉት! ዌብሳይት እሠራለሁ!"

ሠራሁም! እንግዳው ስልኩ ላይ ገጹን ይከፍታል፣ ስሙንና ስልኩን ይጽፋል፣ አለቀ። የቀረውን ሲስተሙ ይሞላለታል። አዲስ እንግዳ ሲመዘገብ ሲስተሙ ማንንም ሳይጠይቅ ከራሱ የሚሞላው ነገር ዲፎልት ይባላል። ምግብ፣ ሁሉን ይበላል። ትራስ፣ አንድ። ሰውየው ሁለት ትራስ ካማረው ይለውጠዋል፤ ካልለወጠው አንዱን ታቅፎ ያድራል። ይሄ ዲፎልት የሚባል ነገር እንዴት እንደሚያስደስት እንዴት ልንገራችሁ! ሰው ገና አፉን ሳይከፍት መልሱን ማወቅ ማለት እኮ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ይሄንን ነው።

ጾታ ላይ ስደርስ የቪዲዮው ልጅ "ተጠቃሚውን ጠይቁ" ይላል። ሳቅሁበት። እሱ ጋምቤላን የት ያውቃል! እኔ እዚህ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። አኙዋ ዘንድ ወንዱ ኦሞድ፣ ኦጁሉ፣ ኦባንግ ነው፤ ሴቷ ደግሞ አሞድ፣ አጁሉ፣ አባንግ ናት። ወንድምና እህት አንድ ስም ተካፍለው፣ እሱ በኦ፣ እሷ በአ ይጀምራሉ። ኑዌር ዘንድ ስሙ ኛ ብሎ ከጀመረ ሴት ናት፤ ኛማል፣ ኛቦል። ታዲያ ስሙ በራሱ አፍ እየነገረኝ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሰው ያስቀይማል! አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ስሙ በአ ወይም በኛ ከጀመረ ሴት፣ ካልጀመረ ወንድ። ከጾታው ጋር ማደሪያውም፣ ስልኩ ላይ የሚላከው የእንኳን ደስ አለህ መልእክትም አብሮ እንዲሄድ አደረግሁ። ለሴቶቹማ የሹሩባ ተራቸውን ጭምር!

በኦባንግ ዘመዶች ሞከርኩት። ኦኬሎ፣ ወንድ። አኬሎ፣ ሴት። ጋትሉዋክ የሚባለውን የኑዌር ሚዜ አስገባሁት፣ ወንድ! አንዱም አልሳተም። ማማ አሪየት በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና፣

"ኮምፒውተሩ አኙዋ ነው?" አሉኝ።

"ኮምፒውተሩ ጎረቤት ነው ማማ!"

ያን ቀን ከተማው ጠበበኝ። ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምኩ ስሙን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ በኩራት "ወንድ ነህ!" እለዋለሁ። ሰዉ ሙቀቱ ነው ብሎ አለፈኝ።

ልብ በሉ እንግዲህ። በዚያ ሁሉ ሙከራ አንድ የደጋ ሰው ስም አላስገባሁም። የገዛ ወገኖቼን ረሳኋቸው! የኔ ስም እንኳ በአ ቢጀምር ኖሮ ጉዴን ያኔውኑ አየው ነበር፤ አይጀምርም።

ሊንኩን ለሁሉም በላክሁ ማግስት፣ ማለትም ለሰርጉ ዋዜማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሀጂ አህመድ ወደ ሱቄ ገባ። ሀጂ ጎረቤቴ ነው፤ ጨርቃጨርቅና ጫማ ይሸጣል፣ ሰው ላይ ቀልድ ከተገኘ ደግሞ ሱቁን ክፍት ጥሎ ይመጣል። ከሚሸጠው ሻሽ አንዱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

"እህትህ መጣችልህ" አለኝ።

"ምን ሆነሃል ሀጂ?"

"አንተ ነህ ምን እንዳደረግኸኝ የምታውቀው። ስማ!" ስልኩን አውጥቶ ድምፁን አቅጥኖ አነበበልኝ። "ውድ እህታችን አህመድ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ማረፊያሽ ኒውላንድ፣ የሴቶች ቤት ነው። የሹሩባ ተራሽ በሰርጉ ዋዜማ ነው፤ ማበጠሪያሽን ይዘሽ ነይ።"

ሀጂ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። አህመድ። አ። የጎሬዎቹስ? አየለ! አሰፋ! አለማየሁ! አበራ! እናቶቻቸው ተሰብስበው ተመካክረው ነው እንዴ ያወጡላቸው?

ስልኬ ጠራ። ህይወት ናት።

"አጎቴ! ጋሽ አየለን ምን ብለሃቸው ነው?"

"እኔ ምን አልኩ? ሲስተሙ ነው!"

"መነጽራቸውን ስላልያዙ ጎረቤት ነው ጮክ ብሎ ያነበበላቸው፣ ሰው በተሰበሰበበት! 'ማበጠሪያሽን ይዘሽ ነይ' ተብያለሁ ይላሉ! አጎቴ፣ ከዚያ ባርኔጣ ሥር አንዲት ፀጉር የለችም ነው እኮ የሚባለው!"

"አይዞሽ! አሁን አስተካክለዋለሁ! አንድ ደቂቃ!"

የጋሽ አየለን ገጽ ከፈትኩ። ሴት ይላል። ወንድ አልኩት። አስቀምጥ የሚለውን ነካሁ። ሲስተሙም እርማት ስለተደረገ፣ ጨዋ ስለሆነ፣ አዲስ መልእክት ላከላቸው። ሀጂ አህመድ በትከሻዬ አየው።

"ምን ብሎ ላከ?"

አየን። ውድ እህታችን አየለ ይላል።

"ተሳስቼ ነክቼ ይሆናል" ብዬ ደገምኩ። ወንድ፣ አስቀምጥ። ውድ እህታችን አየለ! በኃይል ነካሁት፣ ጣት ሲጠነክር የሚገባው ይመስል። ውድ እህታችን አየለ! በቀስታ፣ በልመና ነካሁት። ውድ እህታችን አየለ፣ ማበጠሪያሽን ይዘሽ ነይ!

"አንተ ሰው፣ እጅህን አንሳ!" ሀጂ እጄን ያዘኝ። "ሰውየው አሁን ጎሬ ላይ ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ሴት እየሆኑ ነው!"

እጄን ከማውሱ ላይ አንስቼ ራሴ ላይ አደረግሁት፣ የጻፍኩትን ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። አገኘሁት! ዲፎልቱን "እንግዳው አዲስ ሲሆን ብቻ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሲስተሙ እንግዳውን ከተቀመጠበት ባወጣው ቁጥር ስሙን ያይና እንደገና ይሞላዋል። እኔ ወንድ ብዬ አስቀምጣለሁ፤ እሱ መልእክት ሊልክ ጋሽ አየለን ሲያወጣቸው ልክ ዛሬ እንደተዋወቃቸው "አ! ሴት ናት!" ይላል። ሰፈራችን አንዲት ሴትዮ አሉ፣ ባዩኝ ቁጥር "ይሄ ልጅ አደገ እኮ!" የሚሉኝ። ጎልማሳ ሆንኩ፣ ሸበትኩ፤ ለሳቸው ግን ባዩኝ ቁጥር አዲስ ነኝ። ሲስተሜ እሳቸውን ነው የወጣው።

"አዲስ ከሆነ ብቻ" የምትል አንዲት ነገር ጨመርኩበት። አሁን ጋሽ አየለን ወንድ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። መልሼ ከፈትኳቸው። ወንድ! "ሀጂ፣ ወንድ ሆኑ!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን፣ ሻሽ የለበሰ ሀጂና የሚዘል ወፍራም ሰውዬ ተቃቅፈናል።

ደስታችን አልቆየም። ህይወት ደግማ ደወለች። ድምጿ ተለውጧል።

"ስልካቸውን ዘግተዋል። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ ብለዋል።"

አልጋውም አልቋል። የደጋዎቹ ሽማግሌዎች ሴቶች ቤት ሲቆጠሩ፣ ስማቸው በአ የማይጀምር የደጋ ሴቶች ደግሞ "ካልጀመረ ወንድ" በሚለው ገብተው ባሮ ዳር ድንኳኑን ሞልተውታል። አክስቴ ትርንጎ ከኦባንግ የኳስ ቡድን ጋር ነው የተመደበችው። ቅሬታ አላቀረበችም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ቆምኩ። ጋሽ አየለ ወረዱ፤ ከጎሬ ዝናብ እንደተነሱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው። ሙቀቱ እንደ ሰው በጥፊ መታቸው፣ ግን ጋቢውን ለማውለቅ እንኳ ኩራታቸው አልፈቀደም። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ—"

"ማበጠሪያዬን ረስቼዋለሁ" አሉ፣ ሳይስቁ። "ልጅቷ የት ናት?"

በባጃጅ ኒውላንድ እስክንደርስ ባርኔጣቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ላባቸው ግን ይወርዳል። ማማ አሪየት በር ላይ ተቀብለው እጃቸውን ይዘው ወደ ዋናው ክፍል አስገቧቸው።

"አልጋህ ይሄ። ፋን ይሄ።"

"እኔ ሴቶች ቤት አልተኛም።"

"ሴት መሆን ስድብ ነው?" አሉ ማማ አሪየት።

ይሄ ጥያቄ ጎሬ ላይ የቀረበላቸው አይመስለኝም። ጋሽ አየለ ወደ ግቢው ወጡና ማንጎው ሥር ሴቶቹ መሃል የተቀመጠችው ህይወት ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ።"

ህይወት ተነሳች። አላለቀሰችም፣ ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ጊዜ ነው ሞኝነቴ ቀልድ መሆኑ የቀረብኝ። የአንዲት ልጅ ሰርግ በኔ አንዲት መስመር ሊፈርስ ነው! መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ብዬ ስጠብቅ መሬቷ ሳትሆን የተከፈተችው የጓዳው በር ናት። የኦባንግ አክስት አኬሎ በአንድ እጇ ማበጠሪያ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ወጣች። ሹሩባ ሠሪዋ እሷ ናት፤ የምትጣራው ትናንት፣ እኔ ሳላስተካክለው፣ ከዌብሳይቴ ላይ ፎቶ አንስታ ባስቀረችው ተራ ነው።

"አየለ! አየለ ማናት? ተራዋ ነው!"

ጋሽ አየለ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልነግራችሁ አልፈልግም።

ኦባንግ ያኔ ነበር ከሥራ የገባው፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን አንጸባራቂ ሰደርያ እንኳ አላወለቀም። ግቢውን አየ፣ አክስቱን አየ፣ ጋሽ አየለን አየ፣ ህይወትን አየ። ስልኩን አወጣና አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ጻፈ። የስልክ ጊዜ ነው እንዴ አሁን ብዬ ልጮህበት ስል ስልኩ ጪው አለ።

"አክስቴ፣ ቆይ። ከሷ በፊት እኔ ነኝ" አለ፤ ያን ረጅም ቁመቱን አጣጥፎ አኬሎ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ።

ተጠግቼ አነበብኩ። ውድ እህታችን አባንግ፣ እንኳን ደስ አለሽ!

በእህት ስም እንደ አዲስ እንግዳ ተመዝግቦ ነው! ዲፎልቴም አዲስ ሲሆን ብቻ ሥራ ያልኩትን ሰምቶ፣ አ መሆኑን አይቶ፣ ሳያመነታ እህት አድርጎታል። በሕይወቴ የጻፍኩት ነገር በትክክለኛው ሰዓት ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አኬሎ ማበጠሪያዋን ኦባንግ ራስ ላይ አሳረፈች፤ ፀጉሩ አጭር ነው፣ በጣት አይያዝም።

"ይቺ ልጅ ፀጉር የላትም" አለች፣ ኮስተር ብላ።

ጋሽ አየለ አጠገቡ ሄዱ።

"አንተ ማነህ?"

"ኦባንግ ነኝ ጋሼ። ለዛሬ አባንግ።"

"ምን ነክቶህ ነው?"

"ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው።"

ጋሽ አየለ ቁልቁል አዩት። ልጁ ስለተቀመጠ ነው ቁልቁል ማየት የቻሉት። አዩት፣ አዩት፣ በጣም ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ታመሙ ብዬ ልደግፋቸው ስሮጥ ለካ እየሳቁ ነው! ጋሽ አየለ! እንባቸው እስኪወርድ! ጋቢያቸውን ገፈው ለኔ ወረወሩልኝ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ያ ማንም ያላየው ራስ በጋምቤላ ፀሐይ አበራ።

"አኬሎ" አሉ፣ "እሷን ስትጨርሺ ወደኔ ነይ። የኔ ቶሎ ያልቃል።"

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ህይወት አሁን አለቀሰች። ሀጂ አህመድ ወሬው ደርሶት ሻሹን ይዞ ከተፍ አለ፤ ተራዬ አልፎኛል ወይ እያለ። ማማ አሪየት ከሁሉም በላይ ሥራ ያውቃሉ፤ ለጋሽ አየለ ፋኑን እስከ መጨረሻው ከፈቱላቸውና የባሮ ዓሣ ጥብስ አቀረቡላቸው። ጋሽ አየለ ከዚያ ክፍል ሊመርቁ ብቻ ነው የወጡት። ሲመርቁ ግን! የኦባንግን ራስ ለመንካት እሱ ተንበርክኮም ክንዳቸውን ማንሳት ነበረባቸው፤ ምርቃቱ ረዝሞ ረዝሞ ሚዜው ጋትሉዋክ እግር ለውጧል።

ሊመለሱ መናኸሪያ ስሸኛቸው ኮምፒውተሬን በከረጢት ይዤ ነበር። አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ያቺን መስመር ነቅዬ ጣልኳት። አሁን ቦታው ባዶ ነው የሚመጣው፣ እንግዳው ራሱ ነው የሚሞላው። እርስዎንም አረጋግጫለሁ፣ በማያሻማ ሁኔታ ወንድ ነዎት!"

መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ መስኮቱን ከፈቱና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"ማን አስተካክል አለህ? እኔም ያንን ልጅ ሳላየው ሞልቼው ነበር፤ አየሁት፣ ለወጥኩት፣ አበቃ። ሲወልዱ ለክርስትናው እመጣለሁ። እኔን ግን እንደነበርኩ ሴት አድርገህ መዝግበኝ፤ ወንዶቹ ጋ ፋን የለም።"